ቤትዎን ከልጁ ፍራሽ ላይ ሆነው ይዩት፦ የአካል ጉዳትና የእድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የአካባቢ ጤና ጥበቃ ዝርዝር መመሪያ

በማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ሥራ ቤት ለቤት በተዘዋወርሁባቸው ዓመታት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ተፈጥሮው ነው» የሚል ነው። ሌሊቱን ሲያስል የሚያድር ልጅ «ተፈጥሮው ነው» ይባላል፤ ምግብ እምቢ ያለ፣ ሆዱ የደረቀበት፣ ከወትሮው በላይ የሚነጫነጭ፣ የሚጥል ሕመሙ የባሰበት ልጅም እንዲሁ። ወላጆች ይህን የሚሉት ከግድየለሽነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በሕክምና ተቋምም የተነገራቸው ያንኑ ነው። ይሁን እንጂ ሳሉ ከከሰሉ፣ የሆድ ድርቀቱ ከተላላጠው የግድግዳ ቀለም፣ መነጫነጩም ከውሃ ጥም የመጣ ሊሆን ይችላል። የልጁ ጉዳት ላይለወጥ ይችል ይሆናል፤ የሚተኛበት ቦታ፣ የሚተነፍሰው አየርና የሚጠጣው ውሃ ግን ይለወጣል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የጡንቻና የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ዳውን ሲንድሮም፣ ኦቲዝም፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ስፓይና ቢፊዳ (ከውልደት ጀምሮ የጀርባ አከርካሪ በትክክል ሳይገጥም የሚቀርበት ጉዳት)፣ የሚጥል በሽታ፣ የማየት ወይም የመስማት ጉዳት ያለባቸውን ልጆች በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም እነርሱን ለሚጎበኙ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከአካል ጉዳት ጋር ይኖራሉ።

አንድ ዓይነት ቤት ሁለት ልጆችን እኩል አይጎዳም። መራመድ የሚችለው ልጅ ጭሱ ሲበዛበት ወደ ደጅ ይወጣል፤ መንቀሳቀስ የማይችለው እዚያው ይቀራል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ አክታውን ጠርጎ ለማውጣት የሚያስችል ብርቱ ሳል ስለማይኖረው፣ ለወንድሙ የአንድ ቀን ሳል የሆነው ጭስ እርሱን ለሳምባ ምች ሊዳርገው ይችላል። ንግግር የሌለው ልጅ ደግሞ ራሱን እንዳመመው፣ እንደጠማው ወይም እንደተቃጠለ አይናገርም። በዚህ ላይ ከሰው ዓይን ተሰውሮ በጓዳ እንዲውል የሚደረገው ልጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እነዚህ ልጆች ከተደበቁበት እንዲወጡ ዕድሜያቸውን ሙሉ የደከሙት ለክብራቸው ሲሉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጤናም አንፃር ያው ጥያቄ እንደሆነ አምናለሁ፤ ጓዳ የሚውል ልጅ ከቤቱ ሰው ሁሉ ይበልጥ ጭስ የሚተነፍሰው እርሱ ነውና።

ደረጃ 1፦ ፍራሹ ላይ ተኝተው ቤቱን ይመርምሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ልጁ በሚውልበትና በሚያድርበት ቦታ ላይ፣ ጭንቅላቱ በሚያርፍበት በኩል ራስዎን አድርገው ለ15 ደቂቃ ያህል ይተኙ። ይህን በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ያድርጉ፤ ምግብ ሲበስል፣ ቡና ሲፈላ፣ ማታም በርና መስኮት ከተዘጋ በኋላ። የሚሸትዎትን፣ ዓይንዎን የሚቆጠቁጠውን፣ ከጎንዎ የሚታየውን የግድግዳ ልጣጭ፣ ከአልጋው ሥር የተቀመጠውን ዕቃ ሁሉ ይጻፉ። ከዚያም እጅዎን በየአቅጣጫው ይዘርጉ፤ እጅዎ የሚደርስበት ሁሉ የልጁ አፍ ሊደርስበት የሚችል ቦታ ነው። የሚድህ ወይም በቂጡ የሚንፏቀቅ ልጅ ከሆነ እርስዎም በጉልበትዎ እየዳሁ እርሱ የሚሄድበትን መንገድ እስከ መፀዳጃ ቤቱ ድረስ ይከተሉ።

አንድ ቤት ያየሁትን ላንሣ። የዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት፣ መንገደኛ እያየች እንድትደሰት በማለት ፍራሿ ከበሩ ጀርባ ተነጥፎላት ነበር። እናቷ ጠንቃቃ ስለሆነች ከሰል የምታቀጣጥለው ከቤት ውጭ፣ ደፉ ላይ ነው። ከልጅቱ አጠገብ ተኝቼ ሳለሁ እናትየዋ በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ጀመረች። ነፋሱ ጭሱን በበሩ ሥር ባለው ሁለት ጣት በምትሆን ክፍተት እየገፋ ቀጥታ ፊታችን ላይ አመጣው፤ ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ለማዞር ስትታገል አየሁ፤ ማዞር ግን አልቻለችም። ቆማ የምታራግበው እናት ይህን ልታውቅ የምትችልበት መንገድ አልነበራትም። ፍራሹን ወደ ማዶ ግድግዳ አዛወርነው፤ ምድጃው ከቤቱ ጀርባ ሄደ፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ተደፈነ፤ ልጅቱም መንገዱን ከመስኮቱ በኩል እንድታይ መቀመጫዋ ከፍ ተደረገ። ለዚህ ሁሉ የወጣ አንድም ብር የለም። በሦስተኛው ሳምንት ስመለስ የሌሊት ሳሏ ቀንሶ አገኘሁት።

ደረጃ 2፦ ጭሱን ከልጁ ያርቁ

የመጀመሪያው ምርጫ ኤሌክትሪክ ነው፤ እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢሠራ የቤቱ አየር ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ወይም ጭራሽ በሌለበት አካባቢ ግን በእንጨትና በከሰል መካከል መምረጥ ግድ ስለሚሆን፣ እዚያ ላይ ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ላቀች የሚባለውም የከሰል ምድጃ ከሰል ይቆጥባል። ነገር ግን ማገዶ ቆጠበ ማለት ጭስ አጠፋ ማለት ስላልሆነ፣ ምድጃው የተሻሻለ ቢሆንም ልጁ በሚገኝበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለበትም። የተለየ ማዕድ ቤት ከሌለ፣ ከላይ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ብቻ የተዘረጋበት ጥግ በደጅ ማዘጋጀት በቂ ነው። ቦታውን ሲመርጡ የነፋሱን አቅጣጫ ያስተውሉ፤ ጭሱ ከመስኮቱ መሸሹን እንጂ ምድጃው ከቤት መውጣቱን ብቻ አይመልከቱ። እሳት ለማያያዝ ፌስታል፣ ላስቲክ፣ የጎማ ቁራጭ ወይም የፕላስቲክ ጠርሙስ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ከእነዚህ የሚወጣው ጭስ ከእንጨቱ ጭስ እጅግ የከፋ ነው።

ከሰልን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከሰሉ ግሞ ጭሱ ሲጠፋና አመድ ሲለብስ «አሁን ምንም አይልም» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ገዳይ ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ቀይ እስከሆነ ድረስም መውጣቱን አያቆምም። በክረምትና በኅዳር ብርድ ቤቱን ለማሞቅ ምድጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ቤተሰብ የሚፈጅ ድርጊት ነው። አዋቂ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያጥወለውለው ይነቃል፣ ይወጣል፤ መናገርና መነሣት የማይችለው ልጅ ግን የሚያሳየው ምልክት ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ፣ ማስታወክ ወይም ድንገት የመጣ መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህም «ሕመሙ ተነሣበት» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። መለያው ይህ ነው፦ በዚያው ሰዓት የቤቱ ሌላ ሰው ራሱን ካመመው ወይም ካጥወለወለው ነገሩ የልጁ ሕመም ሳይሆን የቤቱ አየር ነውና፣ ሁሉንም ወደ ደጅ ያውጡ፤ ከዚያም የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ።

ልጁን ብርድ እንዳይመታው ምድጃ የምናስገባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የብርዱን ምንጭ እንፈልግ። መንቀሳቀስ የማይችል ልጅ የሚበርደው አብዛኛውን ጊዜ ልብሱ ወይም አንሶላው በሽንት ስለረጠበ ነው። ከመኝታ በፊትና እኩለ ሌሊት ላይ ደረቅ ልብስ መቀየር፣ ከፍራሹ ሥር ካርቶን ወይም ሰሌን ማንጠፍ፣ ኮፍያና ካልሲ ማድረግ ከአንድ ምድጃ ፍም ይበልጣል።

ቡናው ይቅር አልልም። ቡና ማፍላት የጎረቤት መገናኛ፣ ለእናትየዋም የዕረፍት ሰዓቷ ነው። ነገር ግን ቆሎውና ቡናው ሲቆላ፣ እጣኑም ሲጨስ ልጁ ከረከቦቱ ርቆ፣ በተከፈተ በር ወይም መስኮት አጠገብ ይሁን፤ አስም ወይም ሥር የሰደደ የመተንፈሻ ችግር ካለበት እጣኑን፣ ሰንደሉንና የወባ ትንኝ ማባረሪያ ጭሱን ከቤት ውስጥ ማስቀረት ያስፈልጋል። ሲጋራ በዚህ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

በዚሁ አጋጣሚ የልጁን የክትባት ካርድ ያውጡና ይመልከቱ። የሳምባ ምች መከላከያው የኒሞኮካል ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011፣ የተቅማጥ መከላከያው የሮታ ቫይረስ ክትባትም ከ2013 ጀምሮ በአገሪቱ መደበኛ ክትባት ውስጥ ይሰጣል፤ ሆኖም የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በሕመምና በሆስፒታል ምልልስ ምክንያት ሳይከተቡ ቀርተው ብዙ ጊዜ አገኛለሁ። ያመለጠ ክትባት ካለ የሚሟላበትን መንገድ ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ እሳትና የፈላ ነገር

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከክፍት እሳት አጠገብ ብቻውን መቀመጥ የለበትም። ምድጃው ከወለል ከፍ ብሎ በጭቃ ወይም በብሎኬት መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ዙሪያውን ልጅ ቢወድቅ የሚያግደው አጥር ይደረግለት። ረከቦትና ጀበና ወለል ላይ የሚቀመጡ ስለሆኑ ከሚድህ ልጅ ቢያንስ የአዋቂ ሰው አራት እርምጃ ይራቁ። ሕመሙ ሲነሣበት ክብሪት ለኩሶ በአፍንጫው ማጨስ የተለመደ ነው፤ ይህ ሕመሙን አያቆምም፤ ለመተንፈስ የሚታገለውን ልጅ ደግሞ የድኝ ጭስ እንዲምግ ያደርገዋል፤ ፊቱንም ያቃጥለዋል። ልጁን በጎኑ አስተኝተው፣ አጠገቡ ያለውን ጠንካራና ትኩስ ነገር አርቀው፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ ሰዓት ይያዙ፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

ስፓይና ቢፊዳ ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ እግሩ ላይ ሙቀት ስለማይሰማው፣ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ቆዳው እየተቃጠለ ሊስቅና ሊጫወት ይችላል። የገላ መታጠቢያውን ውሃ በራስዎ ክርን ይለኩ፤ ትኩስ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ እግሩ ሥር አያስቀምጡ፤ ማታ ማታም እግሩን በእጅዎም በዓይንዎም ይመርምሩ። ቃጠሎ ከደረሰ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም ሊጥ አይቀቡበት።

ደረጃ 4፦ ሊድ (እርሳስ የተባለው ብረት) የት እንዳለ ይፈልጉ

በአማርኛ እርሳስ የምንለው ብረት ሊድ ነው፤ ከስሙ የተነሣ ብዙ ወላጅ የመጻፊያውን እርሳስ ይፈራል፤ የመጻፊያው እርሳስ ውስጥ ያለው ግን ግራፋይት ስለሆነ ልጁ ቢያኝከው በሊድ አይመረዝም። የሚያሰጋው ሌላ ቦታ ያለው ሊድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የሊድ መጠን አይታወቅም። ከአፍ የገባውን ሊድ ትንንሽ ልጆች ከአዋቂ ሰው አራትና አምስት እጥፍ ወደ ሰውነታቸው ይወስዳሉ፤ አእምሮንም በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል። ብዙ ልጆች ነገርን ሁሉ ወደ አፍ መውሰድን ሁለትና ሦስት ዓመት ላይ ይተዋሉ፤ ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ግን እስከ ስምንትና አሥር ዓመቱ፣ ከዚያም በላይ አፈር፣ የኖራ ልጣጭ፣ ቀለምና ጨርቅ ሊበላ ይችላል። የሊድ ጉዳት ምልክቶች ደግሞ መነጫነጭ፣ ትኩረት ማጣት፣ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት፣ የተማሩትን መርሳት ናቸው። እነዚህ ሁሉ «ተፈጥሮው ነው» ለሚለው ቃል የተመቻቹ ናቸው። አስቀድሞ በተጎዳ አእምሮ ላይ ሁለተኛ ጉዳት ሲጨመርበት ማንም ሳያስተውለው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋውን ከግድግዳው ይጀምሩ። በልጁ አልጋ፣ በበርና በመስኮት ዙሪያ የተላላጠ የዘይት ቀለም ካለ በደረቁ አይፋቁት፤ ብናኙ ከልጣጩ የባሰ ነው። ልጁን ከክፍሉ አውጥተው፣ ልጣጩን በእርጥብ ጨርቅ አንሥተው፣ ወለሉን በሳሙና ውሃ ወልውለው፣ ከዚያ ሊድ በሌለው ቀለም ይሸፍኑት፤ ለጊዜው አቅም ከሌለ ካርቶን ወይም ሸራ ግድግዳው ላይ መምታትም ይረዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንግጋለች፤ ስለዚህ አዲስ ቀለም ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብና ሻጩን መጠየቅ መብትዎ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ቀለም ግን በየቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ አጥርና ዥዋዥዌ ላይ እንዳለ አለ።

ቀጥሎ ኩሉን ያስቡ። ዓይን ያጠራል፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል በሚል ለሕፃናት የሚኳለው ጥቁር ማዕድን ብዙ ጊዜ የሊድ ውሁድ ሲሆን አንዳንዱ ከክብደቱ ግማሽ በላይ ሊድ ይሆናል። ልጁ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ሲጠባ በቀጥታ ይውጠዋል። የባህሉን ዋጋ አላቃልልም፤ ለልጅ ዓይን ግን ኩል አይሁን። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖችም ከአገር ቤት በሚላክላቸው ኩል ምክንያት ይህ ይመለከታቸዋል፤ በአሜሪካ የሚኖሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሊድ ቀለም ሊኖረው እንደሚችል አውቀው ልጃቸው የደም ምርመራ እንዲደረግለት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጠው የሚሠሩ የአሉሚኒየም ድስቶችም ሊድ ሊይዙ ይችላሉ፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ያለበት ምግብ ሲፈላባቸው ሊዱ ወደ ምግቡ በቀላሉ ይወጣል። የልጁን ምግብ በማይዝግ ብረት ወይም ልባጩ ባልተጎዳ ድስት ይሥሩ። የቤተሰቡ አባል የመኪና ባትሪ የሚጠግን፣ ራዲያተር የሚበይድ ወይም ቀለም የሚረጭ ከሆነ ከሥራ ሲገባ ልጁን ከማቀፉ በፊት ልብሱን ይቀይር፣ እጁንና ፊቱን ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱም ከልጁ ልብስ ጋር አይታጠብ። በአጠገብዎ ባትሪ የሚቀልጥበት ወይም ቆሻሻ የሚቃጠልበት ግቢ ካለ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ሆነው ለወረዳው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው አረጋግጧል፤ ማመልከቻው ላይ ይህን አንቀጽ ጠቅሰው በቤትዎ የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ መኖሩን ይግለጹ።

የብረት ማዕድን እጥረት ያለበት ሰውነት ሊድን ይበልጥ ይስባል፤ አፈር የመብላት ፍላጎትም ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል። ጤፍ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝም ሥጋ ይስጡት፤ ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ ከምግብ ጋር አይስጡ። የደም ሊድ ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ በየከተማው አይገኝም፤ ከተገኘና ውጤቱ በዴሲሊትር 5 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዛል።

ደረጃ 5፦ በረኪና፣ ነጭ ጋዝና ጸረ ተባይ

ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ልጅ ያለበት ቤት ብዙ በረኪና ይፈጃል። እናት በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በሽንት የራሰ ጨርቅ ባለበት ገንዳ ላይ በቀጥታ በረኪና ስታፈስ ዓይንን የሚያስለቅስና ጉሮሮን የሚይዝ ሽታ ይነሣል፤ ይህ የንጽሕና ሽታ ሳይሆን በረኪናው ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ክሎራሚን የተባለ ሳምባ ጎጂ ጋዝ ነው። አሠራሩን እንዲህ ይለውጡ፦ ጨርቁን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ፤ ውሃውን ይድፉ፤ በሳሙና ይጠቡ፤ በረኪና ካስፈለገ በመጨረሻ፣ በደጅ፣ በብዙ ውሃ አቅጥነው ይጠቀሙ፤ ከዚያም ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። የልጁ ቆዳ ላይ የሚወጣው ሽፍታም ባልለቀቀ በረኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። በረኪናን ከመፀዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ።

በረኪና፣ ነጭ ጋዝና የተበጠበጠ ጸረ ተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጡ። በጠርሙስ ውሃ መጠጣት የለመደ፣ ማንበብ ወይም ማየት የማይችል ልጅ የሚያውቀው የጠርሙሱን ቅርጽ ነው። በመጀመሪያው ዕቃቸው፣ ቁልፍ ባለው ሳጥን ወይም ከአዋቂ ሰው ራስ በላይ ያስቀምጧቸው። ልጁ ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና ከጠጣ አያስታውኩት፤ ወተትም አይጋቱት፤ ሁለተኛው ጉዳት የሚደርሰው ሲመለስ ወደ ሳምባ በመግባቱ ስለሆነ፣ በተለይ የመዋጥ ችግር ላለበት ልጅ ይህ ሞት ነው። አፉን ጠርገው፣ በጎኑ አድርገው፣ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

የትኋንና የነቀዝ ማጥፊያ፣ ማላታይንና ሌሎች የእርሻ መድኃኒቶች ልጁ በሚያድርበት ክፍል አይረጩ፤ አይቀመጡም። የመድኃኒት ጀሪካን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለውሃ አይሆንም፤ ቀድተው ለከብትም አይስጡበት። የእነዚህ መርዞች ምልክት የምራቅ መብዛት፣ ላብ፣ ማስታወክ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና የጡንቻ መርገብገብ ነው። ድሮውንም ምራቁ የሚዝረከረክና ጡንቻው የሚንቀጠቀጥ ልጅ ላይ ይህን ለመለየት የሚያስችለው የዘወትር ሁኔታውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ለሐኪሙ «ምራቁ ሁልጊዜ አለ፤ ዛሬ ግን ይህን ያህል ፎጣ አርሷል» ብሎ መናገር የሚችለው እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 6፦ ውሃ፣ ምግብና መፀዳጃ

የመጠጥ ውሃውን ያፍሉ፤ አለዚያም ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የተባለውን የውሃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨምሩ፤ ክዳን ባለውና ቧንቧ በተገጠመለት ዕቃ ያስቀምጡ። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በዝዋይ፣ በመቂና በወንጂ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች ግን ሌላም ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ መጠን ያደረገው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ ሲሆን በእነዚህ አካባቢዎች ያሉ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ከዚህ ይበልጣሉ። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን ይልቁንም ያወፍረዋል። ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ከማበላሸት አልፎ አጥንትና መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ ድሮውንም እግሩ የገተረ ልጅ ላይ ይህ ማንም ሳያውቀው ሊጨመር ይችላል። ለልጁ መጠጥና ምግብ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወይም ከተጣራ የመንደር ቦኖ መቅዳት የሚቻል ከሆነ ይመረጣል።

የመዋጥ ችግር ያለበትን ልጅ መመገብ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ሰዓት ውስጥ ገንፎው ይቀዘቅዛል፣ ዝንብ ያርፍበታል፣ ማንኪያው ደጋግሞ ከአፍ ወደ ሳህን ይመላለሳል። ስለዚህ ምግቡን ለሁለት ይክፈሉት፤ ግማሹ ተከድኖ በሙቀቱ ይቆይ፤ ተርፎ ምራቅ የነካው ግን ለሌላ ጊዜ አይቀመጥ። ልጁ ቀና ብሎ ይመገብ፤ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛ።

በእጁ እየተንፏቀቀ ወደ ጉድጓድ መፀዳጃ ቤት የሚሄድ ልጅ ሰው በጫማ የሚረግጠውን በመዳፉ ይረግጣል። አንድ የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን አናጺ ቀዶለት ጉድጓዱ ላይ ቢቀመጥና ከጎኑ መደገፊያ እንጨት ቢተከልለት ይህ ሁሉ ይለወጣል፤ አለዚያም በቤት ውስጥ ፖፖ መጠቀም ይሻላል። የተንፏቀቀ ልጅ ሲመለስ እጁ ብቻ ሳይሆን ጉልበቱና ክርኑም በሳሙና ይታጠብ። የተሽከርካሪ ወንበር ጎማም ደጅ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ልጁ የጎማውን ቀለበት በጨበጠበት እጁ ዳቦ ይበላልና።

ደረጃ 7፦ ሙቀትና መንገድ

በአፋር፣ በጋምቤላ፣ በድሬዳዋ፣ እንዲሁም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ልጁ እስኪጠይቅ ሳይጠብቁ በየሰዓቱ ውሃ ይስጡት፤ የሽንቱ ቀለም ከጠቆረ አልበቃውም ማለት ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቶፒራሜት የተባለ መድኃኒት ላብን ስለሚቀንስ ልጁ ሳያልበው ሰውነቱ ሊግል ይችላል። የቆርቆሮ ቤት እኩለ ቀን ላይ ስለሚግል በዚያ ሰዓት ልጁን ወደ ዛፍ ጥላ ያውጡት። በመንገድ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ልጅ ፊቱ ከመኪና ጭስ ማውጫ ብዙም አይርቅም፤ ታክሲ ከሚሰለፍበት ቦታ አያቁሙት። ክፍት ቦዮችንና ክዳን የሌላቸውን ጉድጓዶች፣ ማየት ለተሳነው ልጅ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት አብረው ተመላልሰው ያሳዩት።

ደረጃ 8፦ የዘወትር መዝገብ ይያዙ

አንድ ደብተር ይግዙ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልጁ ደህና በሆነበት ጊዜ ያለውን ሁኔታ ብቻ ይጻፉ፤ በቀን ስንት ጊዜ ያስላል፣ ምራቁ ስንት ፎጣ ያርሳል፣ ስንት ሰዓት ይተኛል፣ በስንት ቀን ይፀዳዳል፣ ሕመሙ በሳምንት ስንቴ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ለውጥ የታየበትን ቀን ብቻ ይመዝግቡ፤ አጠገቡም በዚያ ሰሞን በቤቱ ውስጥ የተለወጠውን ይጨምሩ፦ ቀለም መቀባት፣ የተረጨ መድኃኒት፣ አዲስ ድስት፣ የውሃ መቋረጥና ከሌላ ቦታ መቅዳት፣ የጎረቤት እሳት። ወደ ሕክምና ሲሄዱ ደብተሩን ከካርዱ ጋር ይዘው ይግቡና ሐኪሙ ጉዳቱን ብቻ አይቶ ሊያልፍ ሲል ገጹን ገልጠው «ይህ ከወትሮው የተለየ ነው፤ በቤታችንም የተለወጠው ይህ ነው» ብለው ያሳዩ። የፍራሹን ምርመራ ደግሞ ሰኔ ላይ ክረምቱ ሲገባና በርና መስኮት መዘጋት ሲጀምር፣ ጥቅምት ላይ አጨዳውና የጸረ ተባይ ርጭቱ ሲመጣ፣ እንዲሁም ቤት በቀየሩ ቁጥር እንደገና ያድርጉት።